ሦስተኛው እንቁላል

የሞተሩ የላይ ክዳን ተነሥቶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ዐሥሩ ብሎኖች ጋዜጣ ላይ በተፈቱበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ከሞተሩ መካከል ግን ዋናው ነገር የለም።

ኢንስፔክተር ጥሩሸዋ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ከመሐል ሜዳ ገበያ ጀርባ ባለው ወርክሾፕ ቆርቆሮ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም።

«ምንም አልነካሁም» አለች ሲና ከበሩ ሆና። የሃያ ዘጠኝ ዓመት መሐንዲስ ናት፤ ቱታዋ ላይ ጋቢ ደርባለች። «ገባሁ፣ አየሁ፣ ወጥቼ ደወልኩ።»

«ደግ አድርገሻል። ምን ጠፋ?»

«ካምሻፍቱ።»

«እንደማላውቅ አድርገሽ ንገሪኝ።»

ሲና ጣቶቿን ከፈተች፣ ጨበጠች። «ሞተር ይተነፍሳል። አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ በሮች አሉት፤ ቫልቭ እንላቸዋለን። ቫልቮቹን የሚከፍታቸው ዘንግ ነው ካምሻፍት። ዘንጉ ላይ እንቁላል የመሰሉ ስምንት የብረት ቀለበቶች አሉ፤ እኛም እንቁላል ነው የምንላቸው። ሲዞሩ ሹል ጫፋቸው ቫልቩን ይገፋል፤ ሲያልፍ ሞላው ይመልሰዋል። ሞተሩ መቼ እንደሚተነፍስ፣ ምን ያህል እንደሚተነፍስ የሚወስነው የእንቁላሉ ቅርጽ ነው።»

«የአንቺው ከሌላው በምን ይለያል?»

«የፋብሪካው የተሠራው አየር ለጠገበ አገር ነው። እኛ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነን። ስለዚህ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ቀደም ብሎ እንዲዘጋ ቅርጹን ቀየርኩት፤ የገባችው ትንሽ አየር ተመልሳ እንዳትወጣ። ዘንጉም ድፍን ብረት አይደለም፣ ቱቦ ነው። እንቁላሎቹ ለብቻ ይሠሩና በእሳት ሰፋ ብለው ይገቡበታል፤ ሲቀዘቅዙ ነክሰው ይይዙታል። ሞላዎቹም እንደ ጎጆ ክዳን ከላይ የጠበቡ ናቸው። ሁሉም ነገር ቀለለ፤ የቀለለ ነገር ደግሞ ይፈጥናል።»

«ይህን ሁሉ እዚህ ሠራችሁት?»

«ስሌቱ የእኔ ነው። እጁ የጋሽ ወልደ ጻድቅ። እሳቸው ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ከቆሙ አይስቱም።»

ጥሩሸዋ ጎንበስ አለች። ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት በአንድ ግራጫ ክር ከሞተሩ ጠርዝ ጋር ታስሯል።

«ይህን አንቺ አሰርሽው?»

«አይደለሁም። ግን ልክ ነው። ካምሻፍት ሲወጣ ሰንሰለቱ ካልታሰረ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወድቃል። ለማውጣት ቀን ይፈጃል።»

«ሌባው ለሞተርሽ አዝኗል ማለት ነው።»

ክሩን ፈትታ በጣቷ አሸችው። ቅባት አለው። አሸተተችው፤ የማሽን ዘይት አይደለም። በግ በግ ይላል። ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

«ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከበሩ በላይ፣ ድንጋዩ ሥር። የማያውቅ የለም።»

«ትናንት ማን ነበር እዚህ?»

«ማንም። ጓሳ ተከፍቶ የለ እንዴ!»

እውነቷን ነው። ጓሳ ለዓመታት ተከልሎ ከቆየ በኋላ ለሣር አጨዳ የተከፈተው ትናንት ነበር። ማጭድ የሚይዝ ሁሉ ገና ሳይነጋ ወጥቶ፣ ከቀትር ጀምሮ የከተማው መንገድ በሣር እስርና በአህያ ተጨናንቋል። ለሌባ የተመቸ ቀን ነው። ለመርማሪ ደግሞ ከዚህ የከፋ የለም፤ የሁሉም ሰው መልስ አንድ ነውና።

«መቼ ነው የምትፈልጊው?» አለች ጥሩሸዋ።

«ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የመኪና ውድድር ክበቡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። መኪናው የጓሳን ዳገት ከዘጠኝ ደቂቃ በታች ከወጣ ካምሻፍቶቻቸውን እዚህ ያሠራሉ። ካልወጣ…» ሲና ዙሪያዋን አየች። «ወርክሾፑ የተሰጠኝ ለሁለት ዓመት ነበር። በወሩ መጨረሻ ያልቃል። እኔም ወዳደግሁበት ወደ አዳማ፣ ጋሽ ወልደ ጻድቅም ወደ ቤታቸው።»

*

ወልደ ጻድቅ ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከወርክሾፑ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆባቸውን በጉልበታቸው አድርገው ነበር።

«ትናንት ጓሳ ነበርኩ፣ ልጄ። ስድስት እስር አጨድኩ። ኃላፊውን ጠይቂው፣ ጽፎታል።»

ጠየቀችው። የአጨዳው ኃላፊ ደብተሩን ገለጠ፤ ወልደ ጻድቅ፣ ስድስት እስር። ሲናም እዚያው ከእናቷ ዘመዶች ጋር ስታጭድ ውላለች፤ ሃያ ሰው አይቷታል። ሁለት ስሞች ተሰረዙ።

ሦስት ሰዎች ደግሞ ሳይጠየቁ አንድ ስም ሰጧት። ምንተስኖት ጓሳ አልሄደም።

ምንተስኖት ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ አለው። ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት፣ «ያ የቤት ውስጥ ካምሻፍት ጓሳን ከወጣ ጢሜን እላጫለሁ» ብሎ ነበር። ጢሙ ደግሞ የታወቀ ጢም ነው። ጥሩሸዋ ስትደርስ ሚኒባስ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ምንቴ፣ ውጣ።»

«የመንግሥት ሥራ ከሆነ ነገ። የክፍል ጓደኝነት ከሆነ ዐሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብይኝ።»

«የመንግሥት ነው።»

ወጣ። ራሱን እስከ አገጩ በፎጣ ጠቅልሏል።

«ትናንት የት ዋልክ?»

«እዚሁ።»

«ጋራዥህ ተዘግቶ ነበር።»

«እንግዲያው ሌላ ቦታ።»

«አምስት ሰዓት ላይ በሲና በር ስታልፍ ታይተሃል።»

«መንገድ ነው! መንገድ ላይ ሰው ያልፋል!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ጉንጩን ያዘ። «ስሚ ጥሩሸዋ፣ ያንን ካምሻፍት ከነካሁት በአፌ ነው።»

«እኔም አፍህን ነው የማየው። ግራ ጉንጭህ አብጧል።»

«ብርድ መትቶኝ ነው።»

«ብርድ የመታው ሰው ጥጥ ይጎርሳል?»

ምንተስኖት ግራና ቀኝ ገልመጥ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥርስ ተነቀልኩ።»

«ይህ ምን ያሳፍራል? ከተማው ሌባ እያለህ ዝም ትላለህ?»

«አለቀስኩ እኮ!» አለ። «ነርሷ እጄን ይዛ "አይዞህ የኔ ጌታ" እያለችኝ። ይህ ከተሰማ በዚህ መንደር ማን ይፈራኛል?»

የሐኪም ቤቱ መዝገብ ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያ እንደነበረ ይላል። ከሥሩም፣ መርፌው ሲታየው ራሱን ስቶ እስከ ዐሥር ሰዓት አልጋ ላይ እንደቆየ ተጽፏል። ጥሩሸዋ ይህን ፊቷ ሳይፈታ አነበበችው፤ ሳቋን የለቀቀችው ደጅ ከወጣች በኋላ ነው።

*

ከሰዓት በኋላ የመኪናው ባለቤትና ነጂ ዓብዱረህማን ከቆላው ከተማ ደረሰ። የመለዋወጫ ነጋዴ ነው። ከሚኒባስ ሲወርድ ክንዱ ሥር ረዥም ካርቶን ይዟል።

«ክፈተው» አለችው ጥሩሸዋ።

በፕላስቲክ የተጠቀለለ ካምሻፍት ወጣ። ሲና ቀርባ አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች። «የእኛ አይደለም። የፋብሪካ ነው።»

«መቼ አዘዝከው?» አለች ጥሩሸዋ።

«ማክሰኞ።»

«የሲና የጠፋው ረቡዕ ነው። ሳይጠፋ በፊት ምትክ አዘዝክ?»

ዓብዱረህማን ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። «ኢንስፔክተር፣ ሲና ትስማኝ፣ ግድ የለም። ሰኞ ስንሞክረው ወላሂ ዳገቱ ቁልቁለት ሆነልኝ። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ፣ ጠቅ። ትንሽ ናት፣ ግን ሞተሩ አኮረፈ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ሲና።

«ወርጄ ልነግርሽ ስል ጋሽ ወልደ ጻድቅን አቅፈሽ ትስቂ ነበር። እንዴት ብዬ? ለጥንቃቄ የፋብሪካውን አዘዝኩ። በእሱ ዳገቱን በዐሥራ ሁለት ደቂቃ እንወጣለን። ቢያንስ እንወጣለን።»

«ዐሥራ ሁለት ከሆነስ መሸነፍ ነው» አለች ሲና ቀስ ብላ።

ዓብዱረህማን ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሱቁ እንደነበረ በስልክ ተረጋገጠ። ጥሩሸዋ ግን ስሙን ስትሰርዝ ሌላ ነገር ጻፈች። ጠቅ፣ ጠቅ።

«ሲና፣ ሥራሽን ፎቶ ታነሺያለሽ?»

«እያንዳንዱን እርምጃ።»

ጥሩሸዋ ከስልኩ ሁለት ፎቶ መረጠች። አንዱ እሑድ፣ ካምሻፍቱ ተገጣጥሞ እንዳለቀ። ሌላው ሰኞ ከሙከራው በኋላ፣ ክዳኑ ለምርመራ ሲነሣ። ጎን ለጎን አድርጋ አንዱን እንቁላል ከሌላው እያመሳከረች አንድ በአንድ አየቻቸው። ሩብ ሰዓት ፈጀባት።

«ይህ በእያንዳንዱ እንቁላልና በቱቦው ላይ የተጫረው ቀጭን መስመር ምንድን ነው?»

«የጋሽ ወልደ ጻድቅ ምልክት ነው። እንቁላሉ ቱቦው ላይ ከተንሸራተተ መስመሩ ይሰበራል።»

«ሦስተኛውን እዪ።»

ሲና ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። የእሑዱ ፎቶ ላይ መስመሩ አንድ ነው። የሰኞው ላይ እንቁላሉና ቱቦው መገናኛ ላይ፣ የፀጉር ውፍረት ያህል ተሰብሯል።

«ተንሸራትቷል» አለች። «በእጄ ያነሣሁትን ፎቶ አላየሁትም። ቅዳሜ በሙሉ ፍጥነት ቢወጣ ኖሮ ቫልቩ ከፒስተኑ ይጋጭ ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ይል ነበር።»

ዓብዱረህማን ቀስ ብሎ ጎማ ላይ ተቀመጠ። «አላህ ይጠብቀን።»

«ስለዚህ የወሰደው ሰው ሊጎዳችሁ አልነበረም» አለች ጥሩሸዋ። «ብሎኖቹን ደረደረ፣ ሰንሰለቱን አሰረ። ሲና፣ ሰኞ ክዳኑን ያነሣው ማን ነበር?»

የሲና ዓይን ጋሽ ወልደ ጻድቅ ወደሚሠሩበት ቶርኖ ሄደ።

*

ዓርብ ጠዋት ጥሩሸዋ የወልደ ጻድቅን አጥር አንኳኳች። ሚስታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያልታጠበ የበግ ፀጉር ይፈትላሉ፤ ክሩ ግራጫ ነው።

«ግቢ ልጄ። ምነው በጠዋት? ሰውዬው ካልሽ ከጓዳ አልወጣም። ከሰኞ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። ጾም ነው ይለኛል። የምን ጾም እንደሆነ የነፍስ አባቱም አያውቁ!»

ጥሩሸዋ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን የሣር እስሮች ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት… ደግማ ቆጠረች። ሰባት ናቸው።

ስድስቱ የታሰሩት እዚያው ጓሳ እንደሚታሰረው ነው፤ ከሣሩ አንድ ጭብጥ ተፈትሎ፣ ዙሪያውን ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፏል። ሰባተኛው የታሰረው በግራጫ ክር ነው።

ወልደ ጻድቅ ከደጃፉ ቆመው አዩዋት። ጥሩሸዋ የኃላፊው መዝገብ ስድስት እንደሚል ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ሄዱ፣ ሰባተኛውን እስር በሁለት እጃቸው አንሥተው መሬት ላይ አጋደሙት፣ ክሩን ፈቱ። ከሣሩ መካከል በበግ ፀጉር የተጠቀለለው ካምሻፍት ወጣ። እንደ አዲስ ያበራል።

«ያልታጠበ ፀጉር ቅባት አለው። ዝገት አያስጠጋም» አሉ፤ ከሁሉ በፊት ሊያስረዱ የፈለጉት ይህን ነበር።

«አንተ ሰው!» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ። «የልጅቱን?»

«የልጅቱን» አሉ ወልደ ጻድቅ። መቆም ከብዷቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ሰኞ መስመሩን አየሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሑድ ሦስተኛው እንቁላል ቱቦው ላይ አልገባ አለኝ፤ መሀል ላይ ያዘ። አወጣሁትና ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሸሁት፤ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ብትሆን ነው። ሳልነግራት። ከዚያ ገባ። ግን ላላ።»

«ሰኞስ ለምን አልነገሯትም?»

«ቆሜ ልነግራት ስል "ጋሼ፣ እጅዎ አይስትም" ብላ ደግማ አቀፈችኝ። ዝም ብል ነጂው ልጅ ገደል ይገባል። ብናገር እሷ የኔን እጅ አምና የሠራችው ሁሉ ይፈርሳል። ተሰረቀ ከተባለ ቀኑን ያራዝሙላታል፣ እስከዚያ በቀስታ ሌላ እሠራለሁ አልኩ። ረቡዕ ስድስት እስሬን አስመዝግቤ በቀትር ተመለስኩ። አንድ ሰው የሣር እስር ተሸክሞ ሲሄድ ያን ቀን ማን ዞር ብሎ ያያል?»

«ማንም» አለች ጥሩሸዋ። «ምንተስኖት ሌባ ሲባልስ?»

አንገታቸውን ደፉ። «እሱን አላሰብኩትም። ትናንት ስሰማ ዛሬ ልመጣልሽ ነበር። ይኸው ጫማዬን አድርጌያለሁ።»

እውነትም አድርገዋል፤ ማሰሪያውን ሳይቀር አጥብቀው አስረውታል።

ጥሩሸዋ ማስታወሻዋን አልዘጋችም። አንድ ነገር አልተዋጠላትም። «ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ ልኬትዎ ልክ ከነበረ ሦስተኛው ለምን አልገባም?»

«እሱን ነው የማላውቀው። አራት ጊዜ ለካሁት። በውነቱ ሌሎቹም ተንገራግረው ነው የገቡት። እኔ የብረት ሙቀት የማውቀው በምራቅ ነው፤ ጠብ ሳደርግበት ዘሎ ሊሸሽ ይገባ ነበር፣ ተንጫጭቶ ቀረ። ገና ነው አልኳት። እሷ ግን መሣሪያው ሁለት መቶ ይላል አለችኝ። ከመሣሪያ ጋር ልከራከር?»

*

ወርክሾፑ ውስጥ ሲና ካምሻፍቱን ተቀበለች፤ ወልደ ጻድቅ የሆነውን ሁሉ ቆመው እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ እንባዋን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገች። ቁጣም ነበረበት።

«አንድ ቃል፣ ጋሼ! አንድ ቃል ቢነግሩኝ!»

«አዎ» አሉ ሽማግሌው።

«ቆይ፣ ቁጣሽን አቆዪልኝ» አለች ጥሩሸዋ። «ያ የሙቀት መለኪያ ልክ መሆኑን በምን አረጋገጥሽ?»

«ከመሣሪያው ጋር በመጣው ወረቀት መሠረት። በረዶ ውስጥ ከትቼ ዜሮ ላይ፣ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከትቼ መቶ ላይ ሞላሁት።»

«ውሃውን የት አፈላሽው?»

«እዚሁ፣ በዚህ ማንቆር…» ሲና አፏን ከፍታ ቀረች።

«እኔና ምንተስኖት ስድስተኛ ክፍል ሳለን» አለች ጥሩሸዋ፣ «መምህራችን ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትር ከተተበት። ዘጠና ላይ ቆመ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብለን ሳቅን። "እናንተ ናችሁ ከፍ ብላችሁ የተቀመጣችሁት፤ በደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላ ግን ቶሎ አይበስልም" አለን። እናቴ ባቄላ ጥዳ ቀኑን ሙሉ እንጨት የምትማግደው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።»

ሲና እርሳስ አነሣች። «ዘጠናውን መቶ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ሁለት መቶ ያለኝ መቶ ሰማንያ ነበር። እንቁላሎቹ በበቂ አልሰፉም። ሦስተኛው በትንሹ ጠበብ ያለ ስለነበረ ያዘ።» እርሳሱን አስቀመጠች። «ሞተሩን ለሳሳ አየር የሠራሁት እኔ። አየሩ መሳሳቱን የረሳሁትም እኔ።»

«ምራቄ ልክ ነበረ ማለት ነው?» አሉ ወልደ ጻድቅ።

ሲና ሳቀች፤ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ምራቅዎ ልክ ነበረ፣ ጋሼ። ለመጠባበቂያ የሠራናቸው ሁለተኛው ቱቦና ስምንት እንቁላሎች ሳጥን ውስጥ አሉ። አልተነኩም። ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ተኩል» አለች ጥሩሸዋ። «ክስ ትመሠርቻለሽ?»

«በማን ላይ? ጊዜም የለኝ። ጋሼ፣ ምድጃውን ያያይዙልኝ። ከዛሬ ጀምሮ መሣሪያውም ምራቅዎም ካልተስማሙ ምንም አንገጥምም።»

ጥሩሸዋ መዝገቡ ላይ ጻፈች፤ ንብረቱ ሳይጎዳ ተገኝቷል፤ የወሰደው ሰው ራሱ አምኗል፤ የንብረቱ ባለቤት ክስ አላቀረበችም። ከዚያ ወልደ ጻድቅን ብቻቸውን ጠራቻቸው። «አንድ ዕዳ ቀርቶብዎታል። ምንተስኖት ጋራዥ ፊት፣ ሰው ባለበት።»

ሽማግሌው በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻግረው በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ምንተስኖት ጉንጩን ይዞ ሰማቸውና፣ «ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ ይቅር ብያለሁ። ግን ጢሜን አያስላጩኝ» አለ።

*

ቅዳሜ አራት ሰዓት ሲሆን ጉሙ ከጓሳ ላይ ተገፎ ነበር። ከክበቡ የመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ከዳገቱ ሥር፣ አንዱ ከአናቱ ሰዓት ይዘው ቆሙ። አዲሱ ካምሻፍት የተገጠመለትን መኪና ዓብዱረህማን «ቢስሚላህ» ብሎ ለቀቀው።

ድምፁ መጀመሪያ ወፍራም ነበር፤ በየመታጠፊያው እየቀጠነና እየጠራ ወጣ። ከአናቱ የቆሙት ሰዎች መኪናውን ሳያዩት ሰሙት። ወልደ ጻድቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ብቻ አቀኑ። ጠቅ የሚል ነገር የለም።

«ስምንት ደቂቃ ከዐሥራ አንድ ሴኮንድ» አለ ሰዓት ያዡ።

ሰው ጮኸ። ምንተስኖት ጢሙን በመዳፉ ሸፈነ።

ሲና ግን አልጮኸችም። «ገና ነው» አለች። «ሞተሩ ይቀዝቅዝ።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክዳኑን ራሷ ፈታች። ወደ ሞተሩ ግን አልጎነበሰችም፤ ወልደ ጻድቅም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «የራሳችንን ሥራ ራሳችን አንመርምር» አለች ሲና። «ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ይዩት።»

ጥሩሸዋ የእጅ ባትሪዋን አበራችና ከዳር ጀመረች። አንደኛው። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ቆማ ቆየች። ከእንቁላሉ ተነሥቶ ወደ ቱቦው የሚወርደው መስመር ቀጭን ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ የትም ላይ አልተሰበረም።

«አንድ መስመር ነው» አለች።

ወልደ ጻድቅ ቆባቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እስኪ ደግመሽ እዪው።»

ደግማ አየችው።